በጭቃ ቤት ውስጥ ለሕፃን ክፍል መከለልና በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር

ጠያቂ፦ የአራስ አባት

ሰላም ወገኖች። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው የምንኖረው። በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልደናል፤ ክርስትናው ገና ነው። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ዋናው ክፍል 4 በ5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለቤቴና ልጁ እዚያ ይተኛሉ። አማቴም ልታርሳት መጥታ አብራን ናት። እኔ ደግሞ ማታ ማታ እዚያው ክፍል ውስጥ በኮምፒውተር የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። እነሱ በመብራቱ ይረበሻሉ።

በኮምፔንሳቶ ራሴ ልከልለው አስቤአለሁ። ነገር ግን ሚስማር ስመታ ጭቃው ይረግፋል እንጂ አይዝልኝም። የረገፈውን በሲሚንቶ ልለስነው ወይ?

ሌላው የኮምፒውተሩ ነገር ነው። ዴስክቶፑ መብራት ሳይጠፋ በራሱ ጠፍቶ ይነሣል። ሳጥኑን ስነካውም ይነዝረኛል። የልጁ ፎቶ በሙሉ እሱ ላይ ስላለ ሰግቻለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ዕቃ) ብገዛ ይበቃል?

መልስ፦ አናጺው ከአዘዞ

እንኳን ማርያም ማረችልህ! ልጁን ያሳድግልህ።

ጭቃ ሚስማር አይዝም፤ የሚይዘው ውስጡ ያለው ቋሚ ነው። ቀጭን ሚስማር ይዘህ ግድግዳውን ቀስ እያልክ ሞክር። ጭቃ ከሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፣ እንጨት ሲያገኝ ይጠብቃል። ቋሚውን ስታገኝ የክልሉን ጠርዝ የሚይዘውን ሞራሌ እሱ ላይ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በረጅም ሚስማር ምታው። የክፈፉን ራስ ከጣሪያው አግዳሚ ጋር እሰረው፤ ኮርኒስ ላይ አትመን።

የኮምፔንሳቶ አንድ ሉህ ብዙውን ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ስለዚህ የክልሉን ቋሚዎች በየ61 ሳንቲ ሜትር አቁማቸው። ያኔ የሉሁ ጠርዝ ሁልጊዜ እንጨት ላይ ያርፋል፣ ቆርጠህም አታባክንም። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ የሳሳው በር በተዘጋ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃኑን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው።

ወለሉ አፈር ከሆነ እንጨቱን መሬት አታስነካው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የብሎኬት ስባሪ አድርግ፤ ክረምት ሲገባ እርጥበቱም ምስጡም ከታች ነው የሚጀምረው። ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ቀባው የሚልህ አይጠፋም። ለአጥር ጥሩ ነው፤ አራስ ወደተኛችበት ግን አታስገባው።

ሲሚንቶውን ተወው። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ከጭቃ ጋር አይስማማም፤ ቆይቶ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል። በደንብ በቦካ የጭድ ጭቃ ምረገው። ሲደርቅ ኖራ ቀባው። የፋሲል ግንብ ድንጋይም የተያያዘው በኖራ ነው፤ የአገራችን ግንበኛ ኖራን ያውቀዋል። ብቻ ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ስትቀባ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን።

መልስ፦ የልጆች እናት፣ አራዳ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አናጺው ያልነገረህን ልንገርህ። ክልሉን እስከ ጣሪያ አትድፈነው። ከላይ ክፍት ተወው፣ አየር ይዘዋወር።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ብርዱ ሲመጣ ከሰል ማስገባት ያምራል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ይለቃል፤ ቀልቶ ጭሱ ያለቀው ከሰልም ይለቀዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡናውን ውጭ አፍሉት፣ አራሷ ልብስ ትደርብ፣ ልጁም በጋቢ ይጠቅለል፤ ፊቱ ግን አይሸፈን። በጀርባው አስተኙት፣ ትራስም አያስፈልገውም። አማትህ በጎን ይተኛ ካሉ በአክብሮት ንገራቸው፣ ጤና ጣቢያም ይህንኑ ነው የሚመክሩት።

አዲሱ ኮምፔንሳቶ የሙጫ ሽታ አለው። ሽታው እስኪለቅ በርና መስኮት ከፍታችሁ አቆዩት፣ ከዚያ ይግቡ።

መልስ፦ የመብራት ባለሙያ

ዩፒኤስ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። ኮምፒውተሩ የሚጠፋው እንጀራ ሲጋገር ነው?

የአራስ አባት፦ አላስተዋልኩም ነበር፣ አሁን ጠየቅኳቸው። አዎ! አማቴ ምጣዱን ሲሰኩት ነው። ሁለቱም ከአንድ ዲቫይደር ነው የሚሠሩት።

የመብራት ባለሙያ፦ በቃ፣ ችግሩ ተገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲታሰብ ወደ 16 አምፔር ነው። ቀጭን መስመር ይህን ሲሸከም ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ያቅተውና ይጠፋል። ከኮምፒውተሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዲቫይደሩ ነው። ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ምጣዱን ዛሬውኑ ከእሱ ንቀለው። ለምጣድ የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው ይዘርጋለት። ለተራ ሶኬት 2.5 ይበቃል።

ንዝረቱ ኤርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ ስለሌለህ ነው። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ይለቃል። ኤርዝ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ከሌለ ሳጥኑ እስከ 110 ቮልት ገደማ ይይዛል። አምፔሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። ነገር ግን እውነተኛ ብልሽት የመጣ ቀን የሚያድንህ ነገር የለም። ልጁ ደግሞ ነገ ይድሃል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠርተህ የኤርዝ ዘንግ አስቀብር። ከውኃ ቧንቧ ወይም ከኑል (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይሞከርም።

መልስ፦ ኮምፒውተር ጠጋኙ

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ዩፒኤሱንም ግን አትተወው። 650 ቪኤ (ቪኤ የዩፒኤስ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው ለዴስክቶፕ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጥህ። ለመሥራት ሳይሆን ሥራህን አስቀምጠህ በሥርዓት ለማጥፋት ነው። ድንገት ማጥፋት ፋይል ያበላሻል፣ ሃርድ ዲስክም ያደክማል።

ፎቶውን ዛሬ ማታ ገልብጠው። አንዱን ቅጂ በውጪ ሃርድ ዲስክ አድርግ፣ ሌላውን ሌላ ቤት አስቀምጥ፣ ለምሳሌ አያቶቹ ዘንድ። ፍላሽ ላይ ብቻ አትመን። ገልብጠህ ስትጨርስ ጥቂቱን ከፍተህ እይ፤ ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

የአራስ አባት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ምጣዱን ነቅዬዋለሁ። ሞራሌውን ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አያለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ወደፊት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) እና የመኪና ባትሪ ባስገባ፣ ከክልሉ ጀርባ ልጁ ጋር ባስቀምጠው ችግር አለው?

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦ አለው። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ውስጡም አሲድ ነው። በረንዳ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው፣ አየር የሚያገኝ ሳጥን ውስጥ አድርገው። ደግሞም የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ነው የተሠራው፤ በየማታው ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። ለሶላር ተብሎ የሚሸጠውን ጠይቅ። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ተጠቀም። 50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ቢሆንልህ በዚያ ሌሊቱን ትሠራለህ።