ሥራ ያላት ሴት የሟች ባሏን ጡረታ ትውሰድ ወይስ ይቁምባት?

ጠያቂዋ (ኮምቦልቻ)፦ ጎረቤቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሱን ጡረታ ትወስዳለች። አሁን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ልብስ ትሰፋለች። ሰፈሩ «ሁለት ደመወዝ በላች» እና «መብቷ ነው» በሚል ተከፍሏል። እናንተስ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦ ይቁም ባይ ነኝ። ፒያሳ ላይ ቆሎ እየሸጡ ልጅ የሚያሳድጉ ስንት እናቶች አሉ! ሥራ ያገኘችው ለእነሱ ትልቀቅ። ጨካኝ ካላችሁኝም በሉኝ።

ደመወዝ ሠሪው (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ እሷ ብትተወው ቆሎ ሻጯ ጋ አይደርስም እኮ። የጡረታ ፈንድ የምጽዋት ሣጥን አይደለም። በየወሩ የምሠራው ስለሆነ አውቀዋለሁ። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 ይጨምራል። ሟቹ ሲከፍል ነው የኖረው።

ደግሞ «ደመወዝ» የምትሉትን እናስላው። ሰውየው 20 ዓመት ሠርቶ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ነበር እንበል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። 42.5 በመቶ መጣ፤ 3,400 ብር። ሚስት የዚህን ግማሽ ነው የምታገኘው፣ 1,700። ልጅ 20 በመቶ፣ 680። በዚህ ዘመን በ1,700 ብር ማን ጠገበ?

የሆጤ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦ እዚህ አሜሪካ ግን ይቀንሳሉ። የሟች ባሏን አበል የምትወስድ፣ ሙሉ የጡረታ ዕድሜዋ ያልደረሰ ሴት በዓመት ከገደቡ በላይ ከሠራች፣ በትርፉ ላይ ከየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ከአበሏ ይያዛል። በፈረንጆቹ 2025 ገደቡ 23,400 ዶላር ነበር። ያኔ 33,400 ያገኘች 5,000 ሄደባት ማለት ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃው ልጅ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ደመወዝ ሠሪው፦ የተያዘባት እኮ ሙሉ ዕድሜዋ ሲደርስ እንደገና ተሰልቶ አበሏ ከፍ ይላል። እሱን ለምን ዘለልከው? እኛ ጋ ይቁም ብንል የሚሆነው ግልጽ ነው። ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ) ውስጥ ስሟ እንዳይገባ ሰው ቤት በእጅ እየተከፈላት ትሠራለች። አሁን ግን እሷም የራሷን 7 በመቶ ለፈንዱ እያስገባች ነው። ማን ተጎዳ?

እናት (ደሴ)፦ እኔም ባሌ የሞተብኝ ነኝ፣ እስቲ እኔም ልናገር። የምትጨቃጨቁበት ነገር እኔን እንቅልፍ አይነሳኝም። የሚነሳኝ ልጄ 18 ሲሞላው የእሱ ድርሻ መቆሙ ነው። ገና 11ኛ ክፍል ነው፣ ወላሂ! ዩኒቨርሲቲ ቢገባ በምን ልላከው? ሥራ የያዝኩትም ለዚያ ነው። ጡረታው ቢበቃኝ ኖሮ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ኮምቦልቻ እወርድ ነበር?

የሆጤ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ። እኔ ሕጉን ነው የነገርኩት እንጂ ይቆረጥባት አላልኩም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ የልጁን ነገር ተቀብያለሁ፣ እስኪማር ቢከፈለው ደስ ይለኛል። ግን ሴትዮዋ ባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ ብትሆንስ? ያኔም ትውሰድ?

ደመወዝ ሠሪው፦ ትውሰድ። ከደመወዟ ግብር ይቆረጥባታል። ባሏ የከፈለው ግን የእሷ ኪስ ስለሞላ አይሰረዝም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እዚህ ላይ አንስማማም።