አሜሪካ ውስጥ ከባንክ ጥቅል ሳንቲም ብር (ማዕድኑን) መፈለግ

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ የድሮ የብር ሳንቲም ፍለጋ ልጀምር ነው። ባንክ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሃፍ ዶላር (በ50 ሳንቲሙ) ጀምር። ጥቅሉ 20 ፍሬ፣ 10 ዶላር ነው። ሣጥኑ 50 ጥቅል ይይዛል፤ 500 ዶላር ስለሆነ አስቀድመህ እዘዝ። ደንበኛ በእጁ ጠቅልሎ ያስገባው ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ውሰድ፤ የሰው ቁጠባ ሳይፈተሽ የሚገባው እንደዚያ ነው።

ሌላ መልስ፦ ጥቅሉን ፈተህ ጠርዙን እይ። እስከ 1964 የተመታው ሃፍ ዶላር 90 በመቶ ብር ነው፤ ጠርዙ ነጭ፣ ክብደቱ 12.5 ግራም። የመዳብ መስመር ጎልቶ ከታየህ ብር የሌለው ተራ ነው። ከ1965 እስከ 1970 ያለው 40 በመቶ ብር ስለሆነ ጠርዙ ያታልላል፤ ዓመቱን አንብብ። ዳይምና ኳርተር (10 እና 25 ሳንቲም) ላይ ግን ከ1964 በኋላ አትድከም።

ሌላ መልስ፦ የተረፈውን ለሌላ ባንክ መልስ፤ አለዚያ ያንኑ ሳንቲም ደግመህ ትፈትሻለህ፣ ቴለሮቹም (የባንኩ ገንዘብ ከፋዮች) ይሰለቹሃል። ያገኘኸውን ደግሞ አደራ፣ አትወልውለው! የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል።