የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮ ጤና ሥልጠና፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ረቂቁ ደርሷችኋል። ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች የአምስት ቀን ሥልጠና ነው፤ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ በተዘጋጀው በዓለም ጤና ድርጅት የኤምኤች ጋፕ መመሪያ። አብዛኛው በጀት ለአዳራሽና ለአበል ሄዷል። ይኼ ልክ ነው ትላላችሁ?

የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ቡታጅራ፦ እህቴ፣ አምስቱ ቀን ይሁን። ስድስተኛውን ቀን ግን አስቡት። ነርሷ ጤና ጣቢያዋ ተመልሳለች። አንዲት እናት በገመድ የታሰረ ልጇን ይዛ ገባች። መመሪያው ጠረጴዛው ላይ አለ። ማንን ትጠይቅ? እኔ የመጀመሪያ ዓመቴን እንዲህ ነው ያለፍኩት። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሰጥቼ «አበዛሁበት ይሆን?» እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ አድር ነበር። የሚደወልለት ሰው አልነበረኝም። እባካችሁ፣ የበጀቱ ግማሽ ለክትትል ይሁን። በወር አንዴ ሰው ይሂድላቸው፣ በመሃል ስልክ ይደወል።

ጤና መኮንን፣ ጅማ፦ የሠለጠነው ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው ይዛወራል። ከአንድ ጤና ጣቢያ ሦስት ሰው ይሠልጥን። የፋርማሲ ባለሙያውም አብሮ ይቀመጥ፤ መድኃኒት የሚጠይቀው እሱ ነው። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን ከመደርደሪያው ከጠፋ ሥልጠናው ከንቱ ነው።

ሐኪም፣ ቶሮንቶ፦ የቡታጅራዋን ሐሳብ እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሲጀምር፣ የቶሮንቶ መምህራን ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር። የጠቀመው መመላለሳቸው ነው። በ2022 የታተመው የቡታጅራ አካባቢ ጥናትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጠው ሕክምና የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ይቻላል። እኔ ሐሙስ ማታ በእናንተ 2 ሰዓት ስልክ ላይ እሆናለሁ፤ ለእኔ የምሳ ሰዓት ነው። ለአንድ ዓመት ቃሌ ነው።

ጤና መኮንን፣ ጅማ፦ እግዜር ይስጥልን ዶክተር። አንድ የረሳነው ነገር አለ። ሰዉ እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ጸበል ወይም ሼኽ ጋ ይሄዳል። «ጸበሉን ተው» ያልነው ሰው ተመልሶ አይመጣም። ካህናቱንና ሼኾቹን ለግማሽ ቀን እንጥራ።

የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ቡታጅራ፦ ግማሽ ቀን አይበቃም! ሄደን እንጎብኛቸው እንጂ። ጸበሉን እየተጠመቀ ክኒኑንም የሚውጥ ታካሚ አለኝ፤ አሁን ወፍጮ ቤት ይሠራል።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦ እሺ፣ አስተካክያለሁ። ግማሹ በጀት ለክትትል፤ ከጤና ጣቢያ ሦስት ሰው፤ ፋርማሲው ተጨምሯል፤ የሃይማኖት አባቶች ጋ እኛው እንሄዳለን። አበሉን መቀነሴ አንዳንዱን ያስቀይም ይሆናል፣ እሑድ እንነጋገርበት። ሲስተር፣ የስልክ ተረኞችን ዝርዝር አንቺ ጻፊልን። ሐሙስን ለዶክተር ያዢለት።