አንድ ስልክ ለሥራም ለግልም፦ አንድሮይድ ወይስ አይፎን?

ጥያቄ፣ ከአዲሷ ሠራተኛ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

በሚቀጥለው ወር አዲስ ሥራ እጀምራለሁ። ድርጅቱ ስልክ አይሰጥም። የሥራውን ኢሜይል፣ ካላንደር እና የስብሰባ አፕ በራሴ ስልክ ላይ እንድጭን ነግረውኛል። የያዝኩት አንድሮይድ አምስት ዓመት አልፎታል። አፕዴት መምጣት ካቆመ ቆየ፤ ባትሪውም ከሰዓት በኋላን አያይም። ስለዚህ መግዛቴ አይቀርም፤ የቸገረኝ የቱን የሚለው ነው።

ባለቤቴ እና እህቶቼ በሙሉ አይፎን ይዘዋል፤ «አንቺ ብቻ ቀረሽ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እጄ አንድሮይድ ለምዷል። ሁለት ሲም እጠቀማለሁ። የዓመታት የዋትሳፕ ንግግርም አለኝ። ያረፈችው እናቴ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱ እንዲጠፋብኝ በፍጹም አልፈልግም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። የሥራውን አፕ ስጭን መሥሪያ ቤቱ ፎቶዬን፣ መልእክቴን፣ የት እንዳለሁ ማየት ይችላል? ነገ ሥራውን ብለቅስ ስልኬ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፉብኛል? ሁለት ስልክ ይዤ መዞር አልፈልግም። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የአይፎን ተጠቃሚ

እህቴ፣ ቤተሰብሽ በሙሉ አይፎን ከያዘ አይፎን ግዢ። እኔ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ይዤ እስካሁን ሁለቴ ብቻ ነው የቀየርኩት። አፕዴቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ፎቶ በኤርድሮፕ፣ ማለትም አይፎኖች አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ፋይል በሚላላኩበት መንገድ፣ ትላላካላችሁ፣ የጋራ አልበም ይኖራችኋል፣ በፌስታይም ትደዋወላላችሁ። የሁለቱ ሲም ጉዳይ አያሳስብሽ፤ በ2018 ከወጡት አይፎን ኤክስኤስ እና ኤክስአር ወዲህ በአብዛኞቹ አንዱ መደበኛ ሲም፣ ሌላው ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ሆኖ ይሠራል። ለአንዱ መስመር «ሥራ»፣ ለሌላው «የግል» የሚል ስም ትሰጫለሽ።

የሲስተም ሰው

ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፤ ግን እንቅልፍ የነሳትን ነገር አልመለስክላትም። የእኔ ሥራ የሠራተኞችን ስልክ ከድርጅት ሲስተም ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ስልክ ከመምረጥሽ በፊት ለድርጅቱ የአይቲ ክፍል አንድ ጥያቄ ላኪ፦ «የግል ስልኬን የምትመዘግቡት በየትኛው መንገድ ነው?» የእነሱ መልስ ከስልኩ ዓይነት ይበልጣል።

አንድሮይድ ላይ ወርክ ፕሮፋይል የሚባል ነገር አለ። በፈረንጆቹ 2014 ከአንድሮይድ 5 ጋር የመጣ ነው። ስልኩ ውስጥ አንድ ሌላ ክፍል ይከፈታል ብለሽ አስቢው። የሥራ አፖች እዚያ ይገባሉ፤ በእያንዳንዳቸው አይከን ጥግ ላይ ትንሽ የቦርሳ ምልክት ትለጠፋለች። የአፖቹን ዝርዝር ስትከፍቺ በአንድ በኩል የግሉ፣ በሌላ በኩል የሥራው ለየብቻ ይታይሻል። አንድ አፕ በሁለቱም በኩል ሊኖርሽ ይችላል፤ የግል ካላንደር ለብቻው፣ የሥራ ካላንደር ለብቻው። እኔ በአስተዳዳሪነት ከወዲያ ማዶ ሆኜ የማስተዳድረው ቦርሳ ያለበትን ብቻ ነው። በእርግጥ የስልኩን ሞዴል እና የሲስተሙን ቨርዥን አያለሁ፤ ስክሪንሽ በፓስወርድ እንዲቆለፍ ማስገደድም እችላለሁ። ፎቶሽን፣ ዋትሳፕሽን፣ በግል በኩል የጫንሻቸውን አፖች አላይም። ሥራ ስትለቂ የምሰርዘው ያንን ክፍል ነው፤ የቀረው ስልክ እንዳለ ይቀመጣል።

የት እንዳለሽ ለሚለው፦ የሥራ አፕ የቦታ ፈቃድ ከጠየቀሽ መፍቀድም መከልከልም ያንቺ ነው። በሥራ ኢሜይል የምትጽፊውን ግን ድርጅቱ ማየት ይችላል። ይህ በየትኛውም ስልክ ያው ነው።

አይፎን ላይ ዩዘር ኢንሮልመንት የሚባለው አመዘጋገብ በ2019 ከአይኦኤስ 13 (ከአይፎኑ ሲስተም) ጋር መጣ። የሥራው ፋይል በተለየ ማከማቻ፣ በራሱ ቁልፍ ተመስጥሮ ይቀመጣል። አስተዳዳሪው ስልኩ ላይ ያለውን በሙሉ ማጥፋት አይችልም። መለያየቱ ግን ለዓይን አይታይም። የሥራው አፕ ከግልሽ አፕ ጎን ተቀምጦ ታገኚዋለሽ፤ ቦርሳ የለውም፣ ሁለቴም አይጫንም። አንዱን አፕ ቀድመሽ በግልሽ ጭነሽው ከነበረ አጥፍተሽ በሥራው በኩል እንደገና መጫን ሊኖርብሽ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። አይፎን ላይ ሌላ፣ ቀደም ያለ አመዘጋገብም አለ፤ ስልኩን በሙሉ የሚያስመዘግብ። በእሱ ከገባሽ አስተዳዳሪው የጫንሻቸውን አፖች ዝርዝር ያያል፤ ስልኩ ላይ ያለውንም ከሩቅ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይችላል። ፎቶና መልእክት አያነብም፤ ማጥፋት ግን ይችላል። ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ

የሲስተም ሰው ያለውን በቀላሉ እንዳታልፊው እህቴ። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት የመሥሪያ ቤቴን ኢሜይል ከስልኩ ጋር በመጣው የኢሜይል አፕ ውስጥ አስገባሁ። መሃል ላይ አንድ ገጽ መጣ። አስተዳዳሪ እንድፈቅድ ይጠይቃል፤ ከሥሩ የፈቃድ ዝርዝር አለ። መጀመሪያው ላይ «ሁሉንም ዳታ ማጥፋት» ይላል። እኔ ስብሰባ ደርሶብኝ ነበር፤ ሳላነብ ወደ ታች ወርጄ ተጫንኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ቀየርኩ። በለቀቅኩ በሦስተኛው ቀን ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ ጠፋ፣ ተመልሶ በራ፣ ቋንቋ ምረጥ አለኝ። ቋንቋ! ልክ ከካርቶኑ እንደወጣ አዲስ ስልክ። የልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች ባክአፕ አልነበራቸውም። ሆን ብሎ የጎዳኝ ሰው አልነበረም፤ የወጣ ሠራተኛ ስልክ ይጥፋ የሚለው የተለመደ አሠራራቸው ነበር። እስከ ዛሬ ግን ያቺን ገጽ አልረሳትም።

የሲስተም ሰው

በጣም ያሳዝናል። ያ በድሮው የኢሜይል ግንኙነት ይደርስ የነበረ ነው። ዛሬ ለምሳሌ አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል አፕ በኩል የገባ የሥራ ኢሜይል ከሩቅ ሲጠፋ የአፑ ዳታ ብቻ ነው የሚጠፋው። ያም ሆኖ በግል ስልክሽ ላይ «ሁሉንም ዳታ ማጥፋት» የሚል ፈቃድ ካየሽ እዚያው አቁሚና ደውለሽ ጠይቂ።

ሁለቱንም የያዘ

ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ስለ መሸጋገሩ ልናገር።

ወደ አይፎን የምትሄጂ ከሆነ «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የሚባለውን አፕ በአሮጌው አንድሮይድ ላይ ትጭኛለሽ። ዋትሳፕን በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ አብሮ ያሻግራል። ታዲያ አዲሱ አይፎን ገና ሲከፈት፣ ሌላ ነገር ሳትነኪ ነው መደረግ ያለበት። ቸኩለሽ ስልኩን አዘጋጅተሽ ከጨረስሽ በኋላ ካስታወስሽ ፎርማት አድርገሽ ከዜሮ መጀመር ነው። እኔ ይህንን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ሲመጣ ደግሞ ሲሙን ከማውጣት በፊት አይሜሴጅን፣ ማለትም የአፕልን የመልእክት አገልግሎት፣ መዝጋት ያስፈልጋል። አለበለዚያ አይፎን ያላቸው ሰዎች የሚልኩልሽ መልእክት ወደ አሮጌው መንገድ እየሄደ ይቀራል። አፕል ስልኩ እጅ ላይ ለሌለ ሰው ቁጥሩን በድረ ገጹ የሚያስወጣበት መንገድ አለው።

የቤተሰብሽን ጉዳይ በተመለከተ፦ አንድሮይድ ብትይዢም ከጨዋታው አትወጪም። ከ2021 ጀምሮ የፌስታይም ሊንክ ከላኩልሽ በብራውዘር ትገቢያለሽ። ጥሪውን መጀመር ያለባቸው ግን እነሱ ናቸው። ፎቶውን በጉግል ፎቶስ የጋራ አልበም ማድረግ ይቻላል፤ አይፎን ላይም ይጫናል። ኤርድሮፕ ሊናፍቅሽ ይችላል፤ እሱን አልክድም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በግዕዝ ፊደል ብዙ የምትጽፊ ከሆነ ስልኩን ከመግዛትሽ በፊት የምትወጂው ኪቦርድ እዚያ እንዳለ ሞክሪው። አይፎን ላይ ከውጭ የተጫነ ኪቦርድ ፓስወርድ መጻፊያ ላይ ስትደርሺ ይጠፋና የራሱ ኪቦርድ ይመጣል። ብልሽት አይደለም፤ ለደኅንነት ብለው ነው።

አዲሷ ሠራተኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ፣ ታሪክህን ሳነብ ሆዴ ባባ።

የተባልኩትን ጥያቄ ለአይቲ ክፍሉ ላክሁ። መልሳቸው ይኸው፦ ሁለቱንም ይቀበላሉ። አንድሮይድ ከሆነ በወርክ ፕሮፋይል። አይፎን ከሆነ ግን ለጊዜው ስልኩን በሙሉ በማስመዝገብ ነው፤ ሌላውን መንገድ ገና አላዘጋጁም። እንግዲህ ምን ትሉኛላችሁ?

የአይፎን ተጠቃሚ

እንዲህ ከሆነ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እኔ በሙሉ ማስመዝገብ በግል ስልኬ ላይ አልቀበልም። አይፎን የግድ የምትፈልጊ ከሆነ ለሥራው የሚሆን ሁለተኛ ስልክ ስጡኝ በያቸው። ካልሆነ አንድሮይድሽ ይሻልሻል።

የሲስተም ሰው

እኔም እዚያው ነኝ። በሥራው በኩል ነገሩ ተወስኗል።

ሞባይል ጠጋኝ

አንድሮይድ ከሆነ እንግዲህ የቱን አንድሮይድ የሚለው ይቀራል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ብዙዎች ካሜራና ራም አይተው ይገዛሉ። አንቺ መጀመሪያ የአፕዴት ዕድሜውን እይ። ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2023፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024፣ የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ዝቅ ያሉት ሞዴሎች እንደየዓይነታቸው ይለያያሉ፤ የዚያኑ ሞዴል ስም ይዘሽ ፈልጊ። ዓመቱ የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ከወጣበት ቀን ነው፤ አንቺ ከገዛሽበት አይደለም። ሦስት ዓመት የሞላው ስልክ በአዲስ ካርቶን ቢመጣልሽም ሦስቱ ዓመት አልቋል።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዢው፣ ሻጩ ዓይንሽ እያየ ከጉግል አካውንቱ ይውጣ፣ ከዚያ ፎርማት ያድርገው፣ ከዚያ አንቺ ራስሽ ቋንቋ ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፈቺው። የድሮ አካውንት ፓስወርድ ከጠየቀ ተዪው። «ይህ መሣሪያ የድርጅት ነው» የሚል ነገር ካመጣም ተዪው፤ ሻጩ ቢምልም። እንዲህ ያሉ ስልኮች በየቀኑ ይመጡልኛል፤ ልረዳቸው የማልችላቸው ሰዎች እነሱ ናቸው።

ሁለቱንም የያዘ

የእናትሽን ድምፅ በተመለከተ ለብቻው ልጻፍ፤ ዋጋው ከስልኩ ይበልጣልና።

ባክአፕን ብቻ አትመኚ። ዛሬውኑ ያንን የድምፅ መልእክት ጫን አድርገሽ ያዢው፤ ሼር በይና ወደ ራስሽ ኢሜይል ላኪው። ከዚያ በኮምፒውተር ከፍተሽ መጫወቱን ስሚ። ፋይሉ ኦፐስ በሚባል ዓይነት ነው የሚቀመጠው፤ አንዳንድ ማጫወቻ ላይከፍተው ይችላል፣ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ግን ይከፍተዋል። ለእህቶችሽም ላኪላቸው፤ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ።

የቀረውን ዋትሳፕ ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ ማሻገር ቀላል ነው። በአሮጌው ስልክ ዋትሳፕ ውስጥ ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ትራንስፈር ቻትስ ትያለሽ፤ በአዲሱ ላይ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በአሮጌው ታነቢዋለሽ። አሮጌውን ስልክ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ፎርማት አታድርጊው። የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣው አፕሽ እዚያ ከቀረ የኢሜይልም የባንክም በር ሊዘጋብሽ ይችላል።

አዲሷ ሠራተኛ

የእማዬን ድምፅ አውጥቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰማው አለቀስኩ። አሁን ሦስታችንም ጋ አለ።

ስልኩንም ገዛሁ፤ አንድሮይድ ነው፣ አዲስ። ትናንት ከአይቲ ክፍሉ ጋር በስልክ እያወራን ወርክ ፕሮፋይሉን ጫንን። ቦርሳዎቹን አየኋቸው። ከላይ ስስበው የሥራ አፖችን ለጊዜው ማቆሚያ አለ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነካሁት፣ ሁሉም አይከን ግራጫ ሆነ፣ ማሳወቂያውም ጸጥ አለ። ባለቤቴ እንኳ «ይሄ በእኔም ቢኖር» አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ሁለት ካሜራ አይከን ነው የሚያሳየኝ። አንዱ ቦርሳ አለበት። ችግር አለው?

የሲስተም ሰው

ችግር የለውም። በቦርሳው ካሜራ ያነሳሽው በሥራው ክፍል ይቀመጣል፤ ደረሰኝና ሰነድ በእሱ አንሺ። ሥራ ስትለቂ ግን አብሮ ይጠፋል፣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ያንን አይከን ከመጀመሪያው ገጽ አንሺውና ወደ ውስጥ ክተቺው፤ ልጆችሽን ለማንሳት ስትቸኩይ እጅሽ እሱ ላይ እንዳያርፍ።