የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ተማሪው በራሱ እንዲወስን እንዴት ሊያግዘው ይችላል?

ጥያቄ (አማካሪ መምህር)
የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አማክራለሁ። ብዙዎቹ ረቂቃቸውን ልከው እርማት ይጠብቃሉ፤ ያረምኩትን አስተካክለው መልሰው ሲልኩ ያላረምኩትን አንዲት ቃል እንኳ አይነኩም። ጽሑፉ ቢሻሻልም፣ ናሙናውን ለምን እንደመረጡ ስጠይቃቸው «እርስዎ ስላሉን» ይሉኛል። እገዛዬን ስቀንስ ደግሞ ሥራው ባለበት ይቆማል። ምን ይሻላል?

መልስ (የሥነ ትምህርት መምህር)
የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ኦንሪ ሆሌክ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራው፣ የራስን ትምህርት የመምራት ችሎታ አብሮ የሚወለድ ሳይሆን በሂደት የሚገኝ መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ እገዛውን በደፈናው መቀነስ ያልተማሩትን መጠየቅ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ውድ፣ ብሩነርና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጥናታቸው በትንንሽ ልጆች ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ አስተማሪው ከተማሪው አቅም በላይ የሆነውን ክፍል ይዞለት ተማሪው በሚችለው ላይ እንዲያተኩር ማድረግ እንዳለበት ያሳያል። የሥነ ምግባር ጉዳይና ጥናቱ በተሰጠው ጊዜ ማለቅ መቻሉ የእርስዎ ኃላፊነት ይሁኑ፤ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተልና የምንጮቹ ምርጫ ግን የተማሪው ናቸው። በእርማትም ቢሆን አንድ አንቀጽ ብቻ አርመው ምክንያቱን በኅዳጉ ላይ ይጻፉለትና የቀረውን ራሱ በዚያው መንገድ ይመርምር። «ይህን አስተካክል» ከሚለው ይልቅ «ይህ አንቀጽ የትኛውን የጥናት ጥያቄህን ይመልሳል?» የሚለው አስተያየት የበለጠ ያሠራዋል።

መልስ (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)
በሐሳቡ ብስማማም፣ «ራስህን ቻል» የሚለው ቃል የአማካሪ መጥፊያ ሰበብ ሲሆንም አይቻለሁ። የመጀመሪያ አማካሪዬ ርእሴን ያለ ምንም አስተያየት አጸደቁልኝ፤ ርእሱም «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነበር። በኋላ የተመደቡልኝ አማካሪ ርእሱን አላጠበቡልኝም፤ የትኛው መድረክ፣ የትኞቹ ወጣቶች፣ በምናቸው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እንደሆነ ጠይቀውኝ መልሱን ጽፌ እንድመጣ አደረጉ። ከየውይይቱ በኋላ የተስማማንበትን፣ የተውነውን አማራጭና የተውንበትን ምክንያት በግማሽ ገጽ ጽፌ እልክላቸው ነበር። ጽሑፌን አቅርቤ በተከላከልኩበት ዕለት ፈታኞች ስለ ናሙናዬ ሲጠይቁኝ የመለስኩት ከእነዚያ ማስታወሻዎች ነው።

መልስ (ሌላ አማካሪ)
የማስታወሻው ነገር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነጥብ ካልተሰጠበት አብዛኛው ተማሪ አይጽፈውም። ምዘናው የመጨረሻውን ጽሑፍ ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ የአማካሪን እርማት እንዳለ መገልበጥ ለተማሪው አዋጭ ነው፤ ስንፍና ብለን ልንወቅሰውም አይገባም። ደንቡ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ከውጤቱ ጥቂቱን ለውሳኔ ማስታወሻው መድቡ። ማስረከቢያው ተቃርቦ ሥራው ከተጓተተ ግን በቀጥታ ማረም ነውር የለውም።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ምዕራፍ አንድ አንቀጽ ብቻ አርሜ እልካለሁ፤ የነጥቡን ጉዳይ ለትምህርት ክፍሉ አቀርባለሁ።