ፓዋፑሪ ደርሼ በሰዓቱ ጋያ ልመለስ እችላለሁ?

ዴልሂ የምማር ሐበሻ ነኝ፤ አሁን ያለሁት ሕንድ ቢሃር ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ጋያ ከተማ አጠገብ ባለችው ቦድጋያ ነው። የቡድሂስቶችን ማሃቦዲ ቤተ መቅደስ አይቻለሁ (ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ማስቀመጫው ጋ ወረፋ አለ)።

ትናንት በአውቶቡስ ራጅጊር ሄድኩ። ሐሳቤ ቡድሃ ያስተማረበትን የአሞራ ኮረብታ፣ የጥንቱን የቡድሂስቶች ዩኒቨርሲቲ ናላንዳንና የጄይን ሃይማኖት ተከታዮች የሚሳለሙባትን ፓዋፑሪን ባንድ ቀን ልጨርስ ነበር። የሞኝ ዕቅድ! ወደ ኮረብታው የሚያወጣው የገመድ ወንበር ጋ ብቻ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተገተርኩ። የናላንዳን ቀይ ጡብ ፍርስራሽ ሮጥ ሮጥ ብዬ አየሁ፣ ከዚያ መሸ። ባጃጁም (እዚህ ኦቶ ይሉታል) «ባዶዬን አልመለስም» ብሎ የደርሶ መልስ ሒሳብ ጠራብኝ።

የቀረኝ ነገ ብቻ ነው። ባቡሬ ከጋያ በእኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ይነሳል። ጄይኖች የመምህራቸው የማሃቪራ አስከሬን የተቃጠለበት ነው የሚሉትን፣ ሎተስ በሞላው ኩሬ መሃል ያለውን የፓዋፑሪን ነጭ ቤተ መቅደስ ሳላይ መመለስ አልፈልግም። ቆዳ ነገር ስለማይገባ ቀበቶዬን እንኳ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።

መንገዱን የምታውቁ፣ ባቡሬ እንዳያመልጠኝ ከጋያ ለሙሉ ቀን ታክሲ ልኮናተር ወይስ ፓዋፑሪ አቅራቢያ እስካለችው ከተማ እስከ ቢሃር ሸሪፍ በአውቶቡስ ሄጄ ከዚያ ባጃጅ ልያዝ?