«ኮል ኦፍ» ማለት ጉዞው ቀረ ነው ወይስ ተራዘመ?

የጀልባ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ እንግዶችን በጀልባ ዘጌ ወዳሉት ገዳማት አደርሳለሁ። ትናንት ማታ አንዷ እንግዳ «ዊ ሃቭ ቱ ኮል ኦፍ ዘ ትሪፕ» ብላ ጻፈችልኝ። ኮል መደወል ነው፣ ስለ ጉዞው ልትደውልልኝ ነው ብዬ ስልኬን ይዤ አመሸሁ። ጠዋት ነዳጅ ሞልቼ እስከ ሦስት ሰዓት ቆምኩ፣ የመጣ የለም። ጉዞው ቀርቷል ወይስ ለሌላ ቀን ተዛውሯል?

መምህርት፦
ወንድምዓለም፣ ቀርቷል። ለሌላ ቀን ቢሆን «ፑት ኦፍ» ወይም «ፖስትፖን» ትልህ ነበር። መዝገበ ቃላት «መሰረዝ» ይለዋል፣ እኔ ግን ተማሪዎቼን «ማስቀረት» በሉት ነው የምላቸው፣ ምክንያቱም እኛም ሰርጉ ቀረ፣ ስብሰባው ቀረ፣ ጨዋታው በዝናብ ቀረ ነው የምንለው። የተጀመረ ነገር ሲቆምም ይሠራል። ሐይቅ ላይ የጠፋ ሰው ሲፈለግ ውሎ ፍለጋው እንዲቆም ከታዘዘ ያም «ኮልድ ኦፍ» ነው። የሆቴል አልጋ ወይም የአውሮፕላን ትኬት ከሆነ ግን «ካንስል» በል።

አባይ ማዶ፦
ሁለቱን ቃል ለየብቻ አትፍታቸው። «ብድግ አለ» ስንል «አለ» እዚያ ውስጥ መናገር አይደለም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ደግሞ ቦታውን ልብ በል። «ኮል ኦፍ ዘ ትሪፕ»ም «ኮል ዘ ትሪፕ ኦፍ»ም ትክክል ነው። «ኢት» ሲመጣ ግን መሀል ነው የሚገባው፣ «ኮል ኢት ኦፍ»። «ኮል ኦፍ ኢት» ስህተት ነው።

ቀበሌ 14፦
ለምን ታስጨንቁታላችሁ፣ «ካንስል» ቢል ማን አይገባውም?

መምህርት፦
እሱ ሲናገር ልክ ነህ፣ ይገባቸዋል። እነሱ ሲጽፉለት ግን ቃሉን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ይሄው አንድ ጠዋትና አንድ ሙሉ ነዳጅ አስከፈለው እኮ!

የጀልባ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት፣ አንተም አባይ ማዶ። ለእንግዳዋ ጻፍኩላት፣ አሟት ኖሯል፣ ቀርቷል ብላ መለሰች። ነገ ሌላ ቡድን አለኝ። ጣና ከሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይበረታል፣ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አይመችም፣ ስለዚህ «ኢፍ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ፣ ዊ ዊል ኮል ኢት ኦፍ» ብዬ ልልክላቸው ነው። ልክ ነው?

መምህርት፦
ልክ ነው፣ ላከው። ሌላ ቀን ልትወስዳቸው ካሰብክ ግን «ፑት ኢት ኦፍ» አድርገው፣ አለዚያ ሌላ ጀልባ ይፈልጋሉ።